«ይሄ መንገድ የማን ነው?»፦ የአሜሪካ ገጠር ታውንሺፕ ሲብራራ

ባለፈው ማርች መጀመሪያ ላይ ትራክ የሚነዳ ጓደኛዬ ደወለልኝ። ደቡብ ምዕራብ ሚኒሶታ ነው ያለው። ወርዚንግተን ከምትባል ከተማ ወጣ ብሎ ጂፒኤሱ አንድ ጠጠር መንገድ ውስጥ ከቶታል። ግራና ቀኙ ባዶ የበቆሎ ማሳ ነው። በረዶው ቀልጦ መንገዱ ጭቃ ሆኗል። የኋላ ጎማው ሰምጦ አልንቀሳቀስ ብሎታል።

«ስማ፣ ይሄ መንገድ የማን ነው?» አለኝ። «የከተማው አይደለም። የስቴቱም አይመስልም። ለማን ነው የምደውለው?»

«የታውንሺፑ ነው» አልኩት።

«ታውንሺፕ ደግሞ ምንድን ነው? ቀበሌ ነው?»

ጭቃ ውስጥ ለቆመ ሰው ረጅም ማብራሪያ አይሰጥም። ስለዚህ ያን ቀን አጭር መልስ ሰጠሁት። ረጅሙ ይኸው።

ታውንሺፕ የሚለው ቃል ሁለት ነገር ነው። አንደኛው መሬት ላይ የተሰመረ ካሬ ነው። ሁለተኛው በዚያ ካሬ ውስጥ የሚኖሩ ሰዎች የሚያቆሙት ትንሽ መንግሥት ነው። እንደ ሚኒሶታ ባሉ ስቴቶች ሁለቱ ብዙ ጊዜ ልክ በልክ ስለሚገጥሙ ሰው አንድ ያደርጋቸዋል። ካሬው ግን ይቀድማል። ገበሬው ሳይመጣ፣ ስም ሳይወጣለት፣ መስመሩ ተሰምሮ ነበር።

ነገሩ የሚጀምረው በፈረንጆች አቆጣጠር በ1785 ነው። አሜሪካኖች ከእንግሊዝ ጋር ያደረጉት ጦርነት ገና ማለቁ ነው። አዲሱ መንግሥት ዕዳ አለበት፣ ካዝናው ባዶ ነው። አለኝ የሚለው ነገር መሬት ነው፤ ያውም ሌሎች ሕዝቦች የሚኖሩበት መሬት። ለመሸጥ ደግሞ መጀመሪያ መለካት አለበት። በዚያ ዓመት ሜይ 20 በወጣው ሕግ መሬቱ ስድስት ማይል በስድስት ማይል በሆኑ ካሬዎች ይከፋፈል ተባለ። የካሬው ስም ታውንሺፕ ነው። ውስጡ በ36 ይከፈላል። እያንዳንዷ ክፋይ አንድ ማይል በአንድ ማይል ናት፤ ሴክሽን ትባላለች። አንድ ሴክሽን 640 ኤከር ነው፣ ወደ 259 ሄክታር መሆኑ ነው። ልኬቱ የተጀመረው ፔንሲልቬኒያና ኦሃዮ የሚዋሰኑበት ወንዝ ዳር፣ ዛሬ ኢስት ሊቨርፑል ከተማ ባለችበት ቦታ ነው። ሥራውን የመራው ቶማስ ሃቺንስ ነበር።

መለኪያው የብረት ሰንሰለት ነው። ርዝመቱ 66 ጫማ፣ ማለትም 20 ሜትር ገደማ፤ መቶ ቀለበት አለው። 80 ሰንሰለት አንድ ማይል ይሞላል። ሁለት ሰዎች ጫፍና ጫፍ ይዘው በጫካውም በረግረጉም እየጎተቱ ይቆጥራሉ። 66 ጫማን ያዙልኝ፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

የሴክሽኖቹ አቆጣጠር ለኛ ሰው አይቸግርም። ጥማድ በሬ እንደሚያርሰው ነው። አንድ ቁጥር ሰሜን ምሥራቅ ጥግ ላይ ይጀምራል። እስከ ስድስት ወደ ምዕራብ ይሄዳል። ጫፍ ሲደርስ ይዞርና ሰባት ከስድስት ሥር ይሆናል። ከዚያ ወደ ምሥራቅ ይመለሳል። እንዲህ እየተመላለሰ 36 ደቡብ ምሥራቅ ጥግ ላይ ያበቃል። ከእነዚህ ውስጥ 16ኛዋ ሴክሽን ገና ከመጀመሪያው ለትምህርት ቤት ተለይታ ነበር። ሚኒሶታ ውስጥ 36ኛዋም ተጨመረች። መሬቶቹ ተሸጠው ወይም ተከራይተው ገንዘቡ ለትምህርት ቤት ይውላል።

አሁን ጓደኛዬ ወደ ቆመበት ወደ ኖብልስ ካውንቲ እንምጣ። (ካውንቲ ከስቴት በታች ያለ፣ ታውንሺፖችን የሚያቅፍ አስተዳደር ነው።) ካርታውን ብታዩት የቼዝ ሰሌዳ ይመስላል። ከሰሜን ወደ ደቡብ አራት፣ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ አምስት፣ በድምሩ 20 ታውንሺፕ። ከእነዚህ አንዱ ኤልክ ነው። በሰነድ ላይ ግን ኤልክ የሚታወቀው «ታውንሺፕ 103 ሰሜን፣ ሬንጅ 40 ምዕራብ» ተብሎ ነው። 103 ከየት መጣ? ከአርካንሶ። በ1815 ምሥራቅ አርካንሶ ውስጥ አንድ ረግረግ መሐል ሁለት መስመር እንዲገናኝ ተደረገ፤ ቀያሾቹም እዚያ ያሉ ዛፎች ላይ ምልክት አደረጉ። ከዚያ ረግረግ ወደ ሰሜን ካሬዎቹን ስትቆጥሩ 103ኛው ረድፍ ላይ ኤልክ አለ፤ ከ600 ማይል በላይ ርቆ። ወደ ምዕራብ ስትቆጥሩ ደግሞ 40ኛው ነው፤ ሬንጅ የሚባለው ይህ የምዕራብ ቆጠራ ነው። ሚኒሶታ ያለ ገበሬ የመሬቱ ካርታ ላይ የተጻፈው ቁጥር አርካንሶ ካለ ረግረግ ይነሳል ማለት ነው። እኔ ይህን ሳውቅ ለአንድ ሳምንት ያገኘሁትን ሰው ሁሉ በዚህ አሰልችቻለሁ።

የይዞታ ሰነድ ሲነበብ ከኋላ ወደፊት ነው። «የሴክሽን 22 ደቡብ ምዕራብ ሩብ፣ የእሱ ሰሜን ምሥራቅ ሩብ» ሲል መጀመሪያ ሴክሽን 22ን ታገኛላችሁ። 640 ኤከሩን ለአራት ትከፍላላችሁ፣ 160 ይሆናል። ደቡብ ምዕራቡን ይዛችሁ እንደገና ለአራት። 40 ኤከር፤ 16 ሄክታር ገደማ። በቃ፣ ማሳው ተገኘ። ጎረቤት መጥራት፣ «ከዋርካው እስከ ወንዙ» ማለት የለም።

አንድ ችግር ብቻ አለ። ምድር ክብ ናት። ወደ ሰሜን የሚሄዱ መስመሮች እየተቀራረቡ ይመጣሉ። ሚኒሶታ ደቡብ ላይ የአንድ ታውንሺፕ ሰሜናዊ ጠርዝ ከደቡባዊው ከ40 ጫማ በላይ ያጥራል። ቀያሾቹ ይህን ጉድለት ሰሜንና ምዕራብ ዳር ላይ ባሉት ሴክሽኖች ላይ ይጭኑታል። በየተወሰነው ርቀት ደግሞ መስመሩን እንደ አዲስ ያስተካክሉታል። በገጠር መንገድ ቀጥ ብላችሁ ስትነዱ ቆይታችሁ ያለ ምንም ምክንያት መንገዱ ትንሽ ወደ ጎን ዘወር ብሎ እንደገና ቀጥ ካለ፣ ሰካራም መሐንዲስ አይደለም የሠራው። የምድር ክብነት ነው።

ይህ ሁሉ ሥርዓት የተዘረጋው ባዶ መሬት ላይ አልነበረም። የአገሬው ተወላጅ የሆነው የዳኮታ ሕዝብ አገር ነው። በ1851 በትራቨርስ ደ ሱ እና በሜንዶታ በተፈረሙ ሁለት ውሎች የሚኒሶታ ደቡብና ምዕራብ ከዳኮታዎች እጅ ወጣ። ቃል የተገባላቸው ክፍያ ዘገየ፣ ረሃብ መጣ። በ1862 ጦርነት ተነሳ። በዚያው ዓመት ዲሴምበር 26 ማንካቶ ከተማ ውስጥ 38 የዳኮታ ወንዶች በአንድ ቀን ተሰቀሉ። በአሜሪካ ታሪክ በአንድ ጊዜ ከተፈጸሙት የሞት ቅጣቶች ትልቁ ነው። በ1863 ኮንግረስ ውሎቹን ሰርዞ ዳኮታዎችን ከሚኒሶታ አስወጣ። የቀላድን፣ በአገራችን መሬት የተለካበትን ገመድ፣ ታሪክ ለሚያውቅ አንባቢ፣ መለኪያው መሬት ላይ ሲዘረጋ ምን ተከትሎ እንደሚመጣ መንገር አያስፈልገኝም።

በዚሁ በ1862 የሆምስቴድ ሕግ ወጣ። አንድ የቤተሰብ ኃላፊ 18 ዶላር ገደማ የመዝገብ ክፍያ ከፍሎ፣ አምስት ዓመት ኖሮበትና አርሶት፣ 160 ኤከር የራሱ ያደርጋል። በኛ ልኬት አንድ ጋሻ ተኩል ያልፋል። ሁሉም ሴክሽን ግን ለዚህ ክፍት አልነበረም። ጎዶሎ ቁጥር ያላቸው ሴክሽኖች ለባቡር ኩባንያ ተሰጥተዋል፤ ሐዲዱን ሲዘረጋ ሸጦ ወጪውን እንዲሸፍን። ሙሉ ቁጥር ያላቸው ለሰፋሪ፣ 16ና 36 ለትምህርት ቤት። ሰሌዳው ላይ አንዱ ነጭ አንዱ ጥቁር እንደሚሆነው ማለት ነው።

ወርዚንግተን ራሷ የተመሠረተችው በዚህ ጊዜ ነው፤ በ1871 እና በ1872 መካከል። ፕሮፌሰር ራንሰም ሂዩሚስተንና ዶክተር ሚለር «ናሽናል ኮሎኒ» የሚባል ኩባንያ አቋቁመው መጠጥ የማይጠጡ፣ ጨዋ ሰፋሪዎችን እንሰበስባለን አሉ። ከካውንቲው ታውንሺፖች አንዱ እስከ ዛሬ በሰውየው ስም ራንሰም ይባላል።

ጨዋነቱ ግን ከአንበጣ አላዳናቸውም። በ1873 የሮኪ ተራሮች አንበጣ ወረደ። አንድ ዓመት አይደለም፣ እስከ 1877 ድረስ በየዓመቱ ተመላለሰ። ደቡብ ምዕራብ ሚኒሶታ ክፉኛ ተመታ። ሰው ቆርቆሮ ላይ ሬንጅ ቀብቶ ማሳው ላይ እየጎተተ አንበጣውን ለማጣበቅ ሞከረ። የሚኒሶታ ገዢ ጆን ፒልስበሪ አፕሪል 26 ቀን 1877ን የጸሎት ቀን ብሎ አወጀ። በዚያው ክረምት አንበጣው ተነስቶ ሄደ። በጸሎቱ ነው ያለም አለ፣ በአየሩ ነው ያለም አለ። የሚገርመው ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። ያ የአንበጣ ዝርያ ከነጭራሹ ከምድር ጠፋ። በሕይወት ያለ ለመጨረሻ ጊዜ የተያዘው በ1902 ነው። እኛ በ2012 ዓመተ ምሕረት ያየነው የበረሃ አንበጣ ሌላ ዘር ነው፤ እሱ እንኳ ገና አለ።

እንግዲህ ካሬው ይህ ነው። መንግሥቱስ?

ሚኒሶታ ስቴት የሆነችው በ1858 ነው። በዚያው ዓመት ለታውንሺፖች አስተዳደር ሕግ ወጣ። ሐሳቡ የመጣው ከምሥራቅ ጠረፍ፣ ከኒው ኢንግላንድ ነው። እዚያ መንደርተኛው በዓመት አንዴ ተሰብስቦ እጅ እያወጣ ራሱን ያስተዳድር ነበር። ሚኒሶታ ውስጥ ዛሬ ወደ 1,780 የሚጠጉ ታውንሺፖች አሉ። በአገሪቱ 20 ስቴቶች ውስጥ በዚህ ዓይነት የተደራጁ ታውንሺፖችና ታውኖች ከ16,000 በላይ ናቸው። የሁሉም ሥልጣን እኩል አይደለም፤ ከስቴት ስቴት ይለያያል። እኔ የምናገረው ስለ ሚኒሶታ ነው።

ጓደኛዬ «ቀበሌ ነው?» ያለኝን አስታውሱ። ታውንሺፕ መታወቂያ አይሰጥም። ቤት አያከራይም። ፖሊስ የለውም፤ ጸጥታውን የሚጠብቀው የካውንቲው ሸሪፍ ነው። ትምህርት ቤቱም ለብቻው የሚተዳደር ነው። እሳት ቢነሳ ብዙ ጊዜ አቅራቢያው ካለ ከተማ ጋር ውል ተፈራርሞ የዚያ ከተማ በጎ ፈቃደኛ አጥፊዎች ይመጣሉ። ሠራተኛ እንኳ የሌለው ታውንሺፕ ብዙ ነው። ያሉት ሦስት ሱፐርቫይዘሮች፣ አንድ ጸሐፊና አንድ ገንዘብ ያዥ ናቸው። ሱፐርቫይዘሮቹ የሚመረጡት ለሦስት ዓመት ነው። ከሦስቱ አንዱ ሊቀመንበር ይሆናል።

ሊቀመንበር፣ ጸሐፊ፣ ገንዘብ ያዥ። ይህ ለኛ ቀበሌ አይደለም፤ እድር ነው። እንደ እድር ዳኞቹ የራሳቸው ሥራ ያላቸው ጎረቤቶች ናቸው፣ የሚያገኙትም ትንሽ የስብሰባ አበል ነው። ልዩነቱ መዋጮው ግብር መሆኑ ነው። አልከፍልም ብሎ መውጣት የለም።

የዚህን ነገር ነፍስ ለማየት በማርች ሁለተኛው ማክሰኞ መገኘት ነው። በሕጉ የዓመቱ ስብሰባ የሚደረገው ያን ቀን ነው። የአየሩ ሁኔታ ካስቸገረ ለሳምንቱ ማክሰኞ ይተላለፋል። አዳራሹ አንዳንዴ የድሮ ባለ አንድ ክፍል ትምህርት ቤት ነው። የሚታጠፉ ወንበሮች፣ ትልቅ የቡና ማንቆርቆሪያ፣ አንዲት ሴት ጋግራ ያመጣችው ጣፋጭ። (ብዙ ጊዜ ሁዳዴ ላይ ስለሚውል የኛ ሰው ከቡናው አያልፍም፤ ጣፋጩ ቅቤ ነው።) ከተሰበሰበው ሕዝብ መካከል ለዚያ ምሽት ብቻ አንድ አወያይ ይመረጣል። ሱፐርቫይዘሮቹ እንደማንኛውም ነዋሪ ተቀምጠው ይጠየቃሉ።

ከዚያ ወደ ገንዘቡ ይገባል። ጸሐፊዋ አምና ለጠጠር ይህን ያህል፣ ለበረዶ ጠረጋ ይህን ያህል፣ ለእሳት አደጋ ውሉ ይህን ያህል ወጣ ብላ ታነባለች። አንዱ ተነስቶ «ከእኔ ቤት በስተሰሜን መንገዱ ሥር ያለው የውኃ ቱቦ ዘንድሮም አልተቀየረም» ይላል። ሌላው «ያንተ ቱቦ ለስንት ሰው ነው?» ይለዋል። ሳቅ። ከዚያ አንዱ ለመጪው ዓመት የመንገድ ግብር ይህን ያህል ዶላር ይሁን ብሎ ሐሳብ ያቀርባል፣ ሌላው ይደግፋል፣ ድምፅ ይሰጣል። ዋናው ነገር ይህ ነው። የግብሩን ጣሪያ የሚወስነው ሕዝቡ ነው። ሦስቱ ሱፐርቫይዘሮች እዚያ ከተወሰነው በላይ መሰብሰብ አይችሉም። በከተማ፣ በካውንቲና በስቴት ደረጃ በተመራጮች በኩል የሚወሰነው ነገር እዚህ በራስ ድምፅ ነው። ድምፅ ለመስጠት ዜጋ መሆን፣ 18 ዓመት መሙላት፣ ስቴቱ ውስጥ 20 ቀን መኖርና የታውንሺፑ ነዋሪ መሆን ይበቃል። ግሪን ካርድ ያለው መጥቶ መስማት ይችላል፣ እጁን ማውጣት ግን አይችልም።

ከገንዘቡ ትልቁ ድርሻ የሚሄደው መንገድ ላይ ነው። መንገዶቹ በሴክሽኖቹ ድንበር ላይ ስለሚሄዱ በየማይሉ አንድ መስቀለኛ አለ። ስፋታቸው በሕግ ቢያንስ 66 ጫማ ነው፤ የጠጠሩ ብቻ ሳይሆን ቦዩን ጨምሮ። 66 ጫማ ማለት አንድ የቀያሽ ሰንሰለት ነው። ያ የብረት ሰንሰለት ዛሬም በየማሳው መካከል ተዘርግቶ ተኝቷል።

መንገድ የማይደርሰው ማሳ ቢኖርስ? ሕጉ እዚህም ገብቷል። ቢያንስ አምስት ኤከር ያለውና መውጫ ያጣ ባለይዞታ ለታውንሺፑ ያመለክታል። ቦርዱ በጎረቤት መሬት ላይ ግማሽ ሰንሰለት ስፋት ያለው የጋሪ መንገድ ያወጣለታል። ለጎረቤቱ ካሳውን የሚከፍለው አመልካቹ ነው። ሰው የማይበዛበት መንገድ ደግሞ «አነስተኛ ጥገና፣ በራስ ኃላፊነት ይነዱ» የሚል ምልክት ይተከልበታል። ትራክ ነጂዎች፣ ይህን ምልክት ስታዩ ጂፒኤሱን አትስሙት።

ስለ ክብደትም ልንገራችሁ። በበልግ መሬቱ የሚቀልጠው ከላይ ነው። ሥሩ ገና በረዶ ስለሆነ ውኃው የሚሰርግበት የለውም። መንገዱ ገንፎ ይሆናል። ስለዚህ በዚያ ወቅት የተለየ ምልክት ከሌለ በስተቀር በካውንቲና በታውንሺፕ መንገዶች ላይ ለአንድ አክስል (ጎማዎቹን ለሚያያይዘው ዘንግ) ከአምስት ቶን፣ ማለትም ከ10,000 ፓውንድ በላይ አይፈቀድም። ሙሉ ጭነት የያዘ ትራክ ከኋላ ባሉት ጥንድ አክስሎች 34,000 ፓውንድ ይይዛል፤ ለአንዱ 17,000። ሂሳቡን እናንተ ሥሩት።

ሌሎች ትንንሽ ሥራዎችም አሉ። ሁለት ጎረቤቶች በድንበር አጥር ቢጣሉ ሱፐርቫይዘሮቹ በሕግ «የአጥር ተመልካች» ናቸው፤ ሄደው አይተው ማን የትኛውን ግማሽ እንደሚያጥር ይወስናሉ። አረም ተቆጣጣሪም እነሱው ናቸው። እሾሃማ አረም ማሳው ላይ አሳድጎ ጎረቤቱን የሚያስመርር ሰው ማስታወቂያ የሚደርሰው ከእነሱ ነው። ሽማግሌና ግብርና ባለሙያ በአንድ ላይ በሉት።

በቅርብ ዓመታት ደግሞ ያልተጠበቀ ገንዘብ ከሰማይ መጥቷል። ኖብልስ ካውንቲ ነፋሻማ ነው። የኖብልስ የንፋስ ኃይል ጣቢያ ብቻ በ2010 ሥራ ሲጀምር 134 ተርባይን ነበረው። በሚኒሶታ ሕግ ትልልቅ ጣቢያዎች ለሚያመነጩት ለእያንዳንዱ ሜጋዋት ሰዓት 1 ዶላር ከ20 ሳንቲም ግብር ይከፍላሉ። 80 በመቶው ለካውንቲው፣ 20 በመቶው ተርባይኑ ለቆመበት ታውንሺፕ ወይም ከተማ። አንድ ተርባይን በዓመት 5,000 ሜጋዋት ሰዓት ቢያመነጭ ግብሩ 6,000 ዶላር፣ የታውንሺፑ ድርሻ 1,200 ነው። ሃያ ተርባይን ያለበት ታውንሺፕ 24,000 ዶላር አገኘ ማለት ነው። ጥቂት መቶ ሰው ለሚኖርበት ቦታ ይህ ብዙ ጠጠር ነው።

ጥቂት መቶ ሰው ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። አንድ ታውንሺፕ ውስጥ 160 ኤከር የሆኑ 144 ይዞታዎች ይገባሉ። ዛሬ አንድ ገበሬ በትልልቅ ማሽን በቆሎና አኩሪ አተሩን ብዙ ሺህ ኤከር ላይ ያርሳል። ቤቶቹ ተራራቁ፣ አንዳንዱ ፈርሶ ዛፎቹ ብቻ ቀሩ። መንገዶቹ ግን ያው ናቸው፤ በየማይሉ። የሚያድሳቸው ሰው ነው የቀነሰው። የታውንሺፕ ትልቁ ራስ ምታት ይህ ይመስለኛል።

ሰው የበዛው ወርዚንግተን ከተማ ውስጥ ነው። የ2020 ቆጠራ 13,947 ይላል። የአሳማ ሥጋ ፋብሪካው ከብዙ አገር ሠራተኛ ስቧል፤ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ የሄዱም አሉ። እነሱ ግን የታውንሺፕ ነዋሪ አይደሉም። ሚኒሶታ ውስጥ ከተማ ከታውንሺፕ ተቆርጦ የወጣ ነው። ወርዚንግተን ከተማና ወርዚንግተን ታውንሺፕ ስማቸው አንድ ሆኖ ሁለት የተለያዩ መንግሥታት ናቸው። ከተማው ሲሰፋ ከታውንሺፑ መሬት ይቆርሳል፣ ግብሩም አብሮ ይሄዳል። ጥሉ የሚነሳው እዚህ ላይ ነው።

ጓደኛዬን ያወጣው በመጨረሻ ትራክተር ይዞ የመጣ አንድ ሽማግሌ ነው። ሰንሰለት አስረው ጎተቱት። ሰውየው ገንዘብ አልቀበልም አለ። ጎማው የቆፈረውን ቦይ በእግሩ እየለካ ጥቂት ሄደ፣ ተመለሰ። ለካ ከሦስቱ ሱፐርቫይዘሮች አንዱ ነው።

«ማክሰኞ ስብሰባ አለን» አለው።